የጦር መሣሪያ ወጪ ሲገምቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወጪ ግምት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኤክሴል ላይ አይደለም። ስሌቱማ ትክክል ነው። የሚበላሸው ከዚያ በፊት ነው። ምን ምን እንደሚቆጠር፣ በየትኛው ዓመት ገንዘብ እንደሚሰላ፣ ስንት መሣሪያ እንደሚገዛና ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል ሳይወሰን ቁጥር ይጻፋል። ከታች ያሉት ስህተቶች የጀማሪ ብቻ አይደሉም፤ ትላልቅ መሥሪያ ቤቶችም ወድቀውባቸዋል። ምሳሌዎቹ በብዛት ከአሜሪካ ናቸው። አሜሪካኖች ከሌላው ይበልጥ ስለሚሳሳቱ አይደለም፤ ስህተታቸውን በሪፖርት ስለሚያወጡት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንዱ ስንት ነው?» ብሎ አንድ መልስ መጠበቅ

ቢ-2 የተባለውን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እንውሰድ። በ1997 የዶላር ዋጋ አንዱ 737 ሚሊዮን ዶላር ነው። 929 ሚሊዮንም ነው። 2.1 ቢሊዮንም ነው። ሦስቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው አውሮፕላኑን ብቻ ይቆጥራል። ሁለተኛው መለዋወጫውንና ከግዢው ጋር የሚመጣውን ድጋፍ ይጨምራል። ሦስተኛው የምርምሩንና የሙከራውን ወጪ ጭምር ለ21 አውሮፕላኖች ያካፍላል።

ጉዱ የሚፈላው የአንዱን አገር አውሮፕላን በመጀመሪያው፣ የሌላውን በሦስተኛው መንገድ ቆጥረን ስናወዳድር ነው። ሻጭ ትንሹን ቁጥር ይወዳል። ተቃዋሚ ትልቁን ይመርጣል። ገምጋሚው ሁለቱንም «ምን ምን አለበት?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ብዛት ሲቀነስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። መጀመሪያ የታቀዱት ቢ-2ዎች 132 ነበሩ። «ጥቂት ብንገዛ ወጪው በዚያው ልክ ይቀንሳል» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። የምርምሩ ገንዘብ ግን አንዴ ወጥቷል። የሚካፈለው ለጥቂቶች ብቻ ስለሆነ የአንዱ ዋጋ ይሰቀላል። ዋጋው ሲሰቀል ደግሞ «በጣም ውድ ነው» ተብሎ ብዛቱ እንደገና ይቀነሳል። ዙምዋልት የተባለው የጦር መርከብ ከ32 ወደ 3 ሲወርድ የተጎዳው መርከቡ ብቻ አልነበረም። ለመድፉ ብቻ የተሠራው ልዩ ጥይት የአንዱ ዋጋ ወደ 800 ሺህ ዶላር ተጠጋ። በ2016 ግዢው ቀረ። መርከቦቹም ጥይት በሌለው መድፍ ቀሩ።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። «አንድ ልጨምር ወይስ አልጨምር?» ለሚል ውሳኔ 2.1 ቢሊዮኑን መጠቀም አይቻልም። የምርምሩ ገንዘብ ቢጨመርም ባይጨመርም አይመለስም። ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልገው ከዛሬ በኋላ የሚወጣው ብቻ ነው።

ግዢውን ቆጥሮ ኑሮውን መርሳት

ለአንድ የጦር መሣሪያ በእድሜው ሙሉ ከሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው የሚወጣው ከተገዛ በኋላ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የሂሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ጂኤኦ በተለምዶ 70 በመቶ ያህል ይለዋል። ነዳጅ፣ ጥገና፣ መለዋወጫ፣ ሥልጠና፣ የሰው ደመወዝ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። ግዢው ዜና ይሆናል፤ መለዋወጫው አይሆንም። የበጀት ክርክሩም በዚያው ያጋድላል።

ኤፍ-35 የተባለውን የአሜሪካ ተዋጊ ጄት የማስተዳደሪያ ወጪ በ2018 ሲገመት 1.1 ትሪሊዮን ዶላር ነበር። በ2023 ግምቱ 1.58 ትሪሊዮን ደረሰ። ከምክንያቶቹ አንዱ አውሮፕላኑ የሚያገለግልበት ዘመን እስከ 2088 መራዘሙ ነው። እዚህ ላይ ግን ለቁጥሩ ጥብቅና መቆም ግድ ይለኛል። ትሪሊዮን የሚለው ቃል ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የ2,500 ገደማ አውሮፕላኖች የበርካታ አሥርት ዓመታት ወጪ ነው፣ የወደፊቱም የዋጋ ንረት ተጨምሮበታል። የሌሎች ጄቶች ወጪ ይህን ያህል ዘመን ተቆጥሮ ሲደመር ብዙ ጊዜ ስለማንሰማ ኤፍ-35 ብቻውን ጭራቅ ይመስላል።

በጣም የከፋው ምሳሌ አፍጋኒስታን ውስጥ ነው። አሜሪካ ለአፍጋን አየር ኃይል ጂ-222 የተባሉ 20 የጣሊያን ዕቃ ጫኝ አውሮፕላኖች ገዛች። ፕሮግራሙ 549 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። ያገለገሉ አውሮፕላኖች ነበሩ፣ መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፣ ጥገናውም አልተሳካም። በ2014 ከመካከላቸው 16ቱ ካቡል ላይ ተቆራርጠው ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ተሸጡ። የተገኘው 40,257 ዶላር ነው።

መሣሪያውን አይቶ ሲሚንቶውን አለማየት

ሴንቲኔል የሚባለው አዲሱ የአሜሪካ አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል በ2020 ሲገመት 77.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በሐምሌ 2024 ፔንታጎን 140.9 ቢሊዮን ነው አለ። ሰው ሁሉ ሚሳኤሉን ጠረጠረ። ጭማሪው በአብዛኛው የመጣው ግን ከምድር ነው፤ ከማስወንጨፊያ ጉድጓዶቹ፣ ከማዘዣ ማዕከሎቹ፣ በሺዎች ማይል ከሚዘረጋው የመገናኛ ገመድ። ጉድጓዶቹ አሥርት ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው። ኢንጂነሩ ለሮኬቱ ሺህ ገጽ ጽፎ «የግንባታ ሥራ» በሚል አንድ መስመር ሲያልፍ ካዩ፣ ብዕርዎን እዚያች መስመር ላይ ያሳርፉ።

የተለያየ ዓመት ገንዘብ ማወዳደር

ይኸው ሴንቲኔል ለዚህም ይጠቅመናል። በ2020 ብዙ ጋዜጦች የጻፉት 95.8 ቢሊዮን ነበር። 77.7ም 95.8ም የዚያው ግምት ናቸው። የመጀመሪያው በ2020 የዶላር ዋጋ የተሰላ ነው። ሁለተኛው ገንዘቡ በሚወጣባቸው ዓመታት ይኖራል የተባለውን የዋጋ ንረት ጨምሮበታል። የ2024ቱ 140.9 ደግሞ እንደ 77.7ቱ የዋጋ ንረቱን ያልጨመረ ነው። ስለዚህ 95.8ን ከ140.9 ጋር ያወዳደረ ሰው ጭማሪውን 47 በመቶ ይለዋል። ትክክለኛው 81 በመቶ ነው። ሪፖርት ሲያነቡ መጀመሪያ የሠንጠረዡን የግርጌ ማስታወሻ ይዩ።

የአገራት ንጽጽር ላይም ያው ነው። መቀመጫው ስዊድን የሆነው የሰላም ምርምር ተቋም ሲፕሪ የ2024ን የአሜሪካ ወታደራዊ ወጪ 997 ቢሊዮን፣ የቻይናን 314 ቢሊዮን ዶላር ገምቷል፤ የተጠቀመው የገበያውን የምንዛሪ ተመን ነው። የቻይና ወታደር ግን የሚከፈለው በዩዋን ነው፤ የሚገዛውም በዩዋን። ከውጭ ለሚገባ ዕቃ የገበያው ምንዛሪ ይሠራል። ለደመወዝና ለምግብ ግን ልዩነቱን ከእውነታው አስፍቶ ያሳያል።

«ሲለምዱት ይረክሳል» ብሎ መተማመን

ቲ. ፒ. ራይት የተባለው የአውሮፕላን መሐንዲስ በ1936 ያሳተመው ጽሑፍ የዚህ ሙያ መሠረት ነው። የሚሠሩት አውሮፕላኖች ብዛት እጥፍ በሆነ ቁጥር ለአንዱ የሚፈጀው አማካይ የሥራ ሰዓት ቀድሞ ከነበረው 80 በመቶ ገደማ ይሆናል ይላል። ሐሳቡ ትክክል ነው። አደጋው 80ን እንደ ሕግ መውሰድ ነው።

የመጀመሪያው አውሮፕላን 1,000 ሰዓት ፈጀ እንበል። በ80 በመቶ ከሄድን 64 ሲሠሩ አማካዩ 262 ሰዓት ይሆናል። በ90 በመቶ ከሄድን ግን 531 ነው። እጥፍ ልዩነት ከአንዲት ግምት! ደግሞም የሚለምደው ሠራተኛው ነው። ከሌላ ኩባንያ የሚገዛ ራዳር በዚያው ፍጥነት አይረክስም። ምርቱ ለሁለት ዓመት ቢቋረጥ ደግሞ ባለሙያው ይበተናል፣ ልምዱም አብሮ ይሄዳል።

በየክፍሉ «የሚሆነውን» ገምቶ መደመር

ይህኛው ብልጥ ሰዎችን ይይዛል። አንድ ፕሮጀክት 10 ክፍሎች አሉት እንበል። የእያንዳንዱ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ የሆነው ወጪ 100 ሚሊዮን ነው። ቢሳካ 90፣ ቢበላሽ 160። አብዛኛው ሰው 100ን በ10 አባዝቶ አንድ ቢሊዮን ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን ወደ ላይ ያለው ርቀት 60፣ ወደ ታች ያለው 10 ብቻ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ደምሮ ለሦስት ያካፈለ ሰው በአማካይ 117 ገደማ ያገኛል። ድምሩም 1.17 ቢሊዮን ይጠጋል። ማንም አልዋሸም፣ 170 ሚሊዮን ግን ጎደለ። ስለዚህ አለቃዎ አንድ ቁጥር ቢጠይቁም፣ ከዚያ ቁጥር የመብለጥ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አብረው ይስጧቸው።

በተራ ዕቃ ዋጋ መደናገጥ

በ1980ዎቹ አሜሪካን ያስጮኸ 435 ዶላር የተባለ መዶሻ ነበር። የአቅራቢው አጠቃላይ ወጪ (ለአንድ ዕቃ ብቻ የማይቆጠረው የአስተዳደርና የመሳሰለው የጋራ ወጪ) በዝርዝሩ ላይ ላሉት ዕቃዎች እኩል ተካፍሎ ነበር፤ ውድ ለሆነው ሞተርም ለመዶሻውም ያው። መዶሻውን መርምሮ ገንዘብ አይድንም። መታየት ያለበት አጠቃላይ ወጪው ራሱ ነው።

ቋሚ ዋጋ ኮንትራት ስላለ መተኛት

ቦይንግ ኬሲ-46 የተባለውን ነዳጅ አቀባይ አውሮፕላን የማበልጸጊያ ኮንትራት በ2011 ሲያሸንፍ መንግሥት የሚከፍለው ጣሪያ 4.9 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ኩባንያው በፕሮግራሙ ከ7 ቢሊዮን በላይ ከሰረ። ግብር ከፋዩ ተረፈ ማለት ይቻላል፤ በከፊል። አውሮፕላኑ ግን ዘገየ፣ አሮጌዎቹም በጥገና ቆዩ። ያ ወጪ በሌላ መደብ ላይ ነው የተመዘገበው።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ መጨረሻው ሌላ ሆነ። ኤ400ኤም የተባለው ዕቃ ጫኝ በ2003 በ20 ቢሊዮን ዩሮ ቋሚ ዋጋ ለ180 አውሮፕላኖች ተፈርሞ ነበር። በ2010 ገዢዎቹ መንግሥታት 3.5 ቢሊዮን ዩሮ ሊጨምሩ ተስማሙ። ፋብሪካውን መጣል አልቻሉም፣ ሠራተኛው የራሳቸው ዜጋ ነው። በቋሚ ዋጋ ለሚገዛ መሣሪያም ቢሆን ገዢው በራሱ ሠንጠረዥ ላይ ለመዘግየት፣ አሮጌውን ለማቆየትና ለድጋሚ ድርድር መደብ መያዝ አለበት።