አዋቂ የባሌት ተማሪዎች ዳሌና ጭናቸውን ሲያፍታቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሌትን ካደጉ በኋላ የጀመሩ ሰዎች በስንፍና አይታሙም፤ ብዙዎቹ የሚጎዱት ጥረታቸው ያለቦታው ሲውል ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት እግርን ወደ ውጭ ማዞርን፣ ማለትም ተርንአውትን፣ ከዳሌ ሳይሆን ከመርገጫ ለማግኘት መሞከር ነው። ተረከዝን አጋጥመው ጣቶቻቸውን 180 ዲግሪ እስኪከፈቱ ድረስ ወለሉን ተደግፈው የሚያስገድዱ ሰዎች፣ ዳሌያቸው ያልሰጣቸውን ዙር ከጉልበትና ከቁርጭምጭሚት ይወስዳሉ። ጉልበት በዋናነት ለመታጠፍና ለመዘርጋት የተሠራ መገጣጠሚያ በመሆኑ ይህን ጥምዘዛ ለረጅም ጊዜ አይችለውም። ራስዎን ለመፈተሽ በዝግታ ፕሊዬ (ጉልበትን አጥፎ ቀጥ ብሎ መውረድ) ወርደው ወደ ታች ይመልከቱ፤ የጉልበትዎ ሎሚ ከሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ ወደ ውስጥ ካፈነገጠ ወይም የመርገጫዎ የውስጥ ጎን ቅስት ወደ ወለሉ ከተደፋ፣ ጉልበትና ጣት አንድ አቅጣጫ እስኪይዙ ድረስ የጣቶችዎን መከፈት ይቀንሱ። ያ ጠባብ መስሎ የሚታየው አቋም የእርስዎ እውነተኛ ተርንአውት ነው።

የአጥንትን ድርሻ መዘንጋትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት ጉድጓድ ጥልቀትና አቅጣጫ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ዕድገቱን የጨረሰ ሰው ደግሞ ይህን ቅርጽ በመሳሳብ ሊለውጠው አይችልም። ጡንቻ ሲሳብ ስሜቱ በጡንቻው መሐል ተሰራጭቶ ይሰማል፣ ቀስ ብለው ሲተነፍሱም ይላላል። ብሽሽት ላይ በአንድ ነጥብ የሚቆነጥጥና በገፉት ቁጥር የሚብስ ስሜት ግን የመገጣጠሚያው ማስጠንቀቂያ ነው። በመሆኑም በእንቁራሪት አቋም፣ ማለትም ጉልበትን አጥፎ ወደ ጎን ከፍቶ፣ ተኝቶ ጉልበትን ሌላ ሰው እንዲጫን መፍቀድን እኔ ለማንም አልመክርም።

ሦስተኛው ስህተት በቀላሉ አይታይም፤ ብዙ ልፋት ውጤት የሚያጣው ግን እዚህ ላይ ነው። አንድ ጉልበት ተንበርክከው የፊት ጭንን ሲያሳስቡ ወገባቸውን ወደ ኋላ አጉብጠው ወደ ፊት የሚገፉ ሰዎች ብዙ የወረዱ ይመስላቸዋል፤ በእርግጥ የታጠፈው ግን የታችኛው ወገባቸው ነው። የኋላውን እግር መቀመጫ ጠበቅ አድርገው የዳሌውን ፊት ወደ ላይ ቢያነሱ፣ አንዲት ጣት ያህል እንኳ ወደ ፊት ሳይሄዱ ከብሽሽት እስከ ጭን አጋማሽ መሳቡ ይሰማቸዋል። የኋላ ጭንንም ሲያሳስቡ ጀርባን አጉብጦ ጣትን ለመንካት ከመታገል ይልቅ፣ ጉልበትን ጥቂት አጥፎ ከዳሌ መታጠፍ ይሻላል። ከጉልበት ጀርባ እስከ ባት የሚነዝር ወይም የሚያደነዝዝ ስሜት ከመጣ የተወጠረው ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ውጥረቱን ይቀንሱ።

ሰውነትን ሳያሟሙቁ ስፕሊት (እግሮችን ከፍቶ እስከ ወለል መውረድ) መሞከርም የተለመደ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድና እግርን በልኩ ማወዛወዝ ይቅደም። በአንድ አቋም ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ረግቶ መሳሳብ ከትምህርቱ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዝላይ በፊት ረጅም ጊዜ መሳሳብ የጡንቻን ኃይል ለጊዜው ይቀንሳልና።

በመጨረሻም ጥንካሬን ችላ ማለት አለ። እግርዎን በእጅዎ ይዘው እስከ ትከሻ ካነሱት በኋላ ሲለቁት ከወገብ በታች ከወደቀ፣ የጎደለዎት የጡንቻ መሳሳብ ሳይሆን ጥንካሬ ነው። እግርዎን ባር (ተደግፈው የሚለማመዱበት አግዳሚ) ላይ አሳርፈው፣ ዳሌዎ ሳይነሳና ወገብዎ ሳይጎብጥ፣ ሁለት ጣት ያህል ከባሩ ከፍ አድርገው 5 ሰከንድ ይያዙት፤ በየእግሩ ስድስት ጊዜ ይደጋግሙ። የቆመው እግር ጉልበት መንቀጥቀጥ ወይም ወደ ውስጥ መዞር ከጀመረ ለዚያ ቀን ይበቃል።