የጂንስ ቁልፍ ለሚያሳክካችሁ

ከእምብርታችሁ ዝቅ ብሎ ቆዳችሁ የሚቀላና የሚያሳክክ ከሆነ፣ ሳሙና ከመቀየራችሁ በፊት የሱሪያችሁን ቁልፍ እዩ። ብዙ የጂንስ ቁልፍና የቀበቶ ዘለበት ኒኬል የሚባል፣ ለአንዳንድ ሰው ቆዳ የማይስማማ ብረት አለበት።

ቆዳ የሚነካውን የቁልፉን ጀርባ በአልኮል ጥረጉና ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀቡት። ሲደርቅ ድገሙት። ጠርዙን እንዳትረሱ፤ ቀድሞ የሚላጠው እሱ ነው።

ኒኬል ቆዳን የሚያስቆጣው ላብ ከብረቱ ላይ ጥቂት በጥቂት ሲያሟሟው ነው። ለዚህም ነው በሙቀት ቀን ማሳከኩ የሚብሰው። ቀለሙ ላቡ ብረቱን እንዳያገኘው ይከልላል። ግን በእጥበትና በፍትጊያ ስለሚለቅ፣ ሱሪው በታጠበ ቁጥር አይታችሁ እንደገና ቀቡት። ይሄ የሚሰለቻችሁ ከሆነ ከቁልፉ ጀርባ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ስፉበት። እኔ በበኩሌ ጨርቁን እመርጣለሁ፤ የጥፍር ቀለም ራሱ ለማይስማማቸው ሰዎችም የሚሆነው እሱ ነው።

ለጆሮ ጌጥ ግን ይህን ዘዴ አትጠቀሙ። በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ቀለሙ ቶሎ ይላጣል፤ ለጆሮ ንጹህ ቲታኒየም ይሻላል። ቆዳችሁ ከቆሰለ ወይም ውሃ ከቋጠረ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ይየው።