ያለ እሳት የሚነሳ ፊኛ

ድሬዎች፣ ልጆቻችሁ የሞቀ አየር ፊኛ እንዴት እንደሚነሳ በዓይናቸው እንዲያዩ ከፈለጋችሁ ፀሐያችን ይበቃል። ስስ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታሎችን ታቻቸውን ቆርጣችሁ በፕላስተር እየቀጠላችሁ ረጅም ከረጢት ሥሩ። ትልቅ ይሁን፤ ትንሹ የራሱን ክብደት አይችልም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሳለ፣ አፉን ከፍታችሁ እየሮጣችሁ ሙሉትና እሰሩት። ፀሐይ ስትመታው ውስጡ ከውጭው አየር ይበልጥ ይሞቅና ይቀላል፤ መሬት ላይ ሲንከባለል የነበረው ቀስ ብሎ ሽቅብ ይላል። ልጆቹ ሲጮኹ መስማት ነው! በ1783 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች ፊኛ ሁለት ሰዎች ይዞ 25 ደቂቃ ያህል ሲበር ግን ተሳፋሪዎቹ ገለባ ማንደድ ነበረባቸው። በጠንካራ ሲባጎ ሳታስሩ እንዳትለቁት፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢም ራቁ።