አዮን የማይፈጥሩ ጨረሮች በሕያዋን ላይ ስላላቸው ውጤት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የሬዲዮ ሞገድ፣ ማይክሮዌቭ፣ ኢንፍራሬድ፣ የሚታይ ብርሃንና አብዛኛው አልትራቫዮሌት ከአተም ኤሌክትሮን ፈልቅቆ ለማውጣት፣ ማለትም አዮን ለመፍጠር፣ የሚበቃ ጉልበት ስለሌላቸው አዮን የማይፈጥሩ ጨረሮች ተብለው በአንድ ወገን ይመደባሉ። ከሁሉ የከፋው ስህተት ከዚህ ተነሥቶ «አዮን ካልፈጠረ አይጎዳም» ብሎ መደምደም ነው። ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ቢ ኤሌክትሮን ሳያስወጣ በዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ የታይሚን ሞለኪውሎችን ያጣብቃል፤ ሕዋሱ ጉዳቱን በትክክል ሳይጠግን ከተባዛ የዘረመል ለውጥ ይከተላል፣ የቆዳ ካንሰርም ከዚህ ሊነሣ ይችላል። ብየዳን ያለ መከላከያ መነጽር የተመለከተ ሰው ዓይኑን የሚቆጠቁጠው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ፣ ወዲያው ሕመም አለመሰማቱም ማረጋገጫ አይሆንም።

ተቃራኒው ስህተት የሬዲዮ ሞገድን እንደ ኤክስሬይ መፍራት ነው። የዚህ ሞገድ በሚገባ የተረጋገጠው ጉዳት ሙቀት ነው፤ ሙቀቱም ደም በሚዘዋወርበት የሰውነት ክፍል ቶሎ ይበተናል፣ የደም ሥር በሌለው የዓይን ሌንስ ግን ስለሚቆይ ከፍተኛ መጠን ሲሆን የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል። መላ ሰውነት በኪሎግራም 4 ዋት ገደማ ሲቀበል ሙቀቱ በግምት 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል፤ ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ በኪሎግራም 0.08 ዋት፣ ማለትም የዚህ አንድ ሃምሳኛ ነው።

የምደባን ትርጉም ማዛባትም የተለመደ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 የሬዲዮ ሞገድን በምድብ 2ቢ (ምናልባት ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ በሚባሉት ውስጥ) ያስቀመጠው ማስረጃው ውስን በመሆኑ ነው፤ ምድቡ የማስረጃን ጥንካሬ እንጂ የአደጋን መጠን አይለካም። የፀሐይ ጨረር ግን ካንሰር ማስከተላቸው በተረጋገጠው በምድብ 1 ነው፤ ሰው ግን ከፀሐይ ይልቅ አንቴናን ይፈራል። አንቴናውን የሚፈራውም ቢሆን ጆሮው ላይ የለጠፈው ስልክ ከሩቅ ማማ ይልቅ ብዙ ጉልበት ወደ ጭንቅላቱ እንደሚልክ፣ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ስልኩ ኃይሉን እንደሚጨምር አያስተውልም።

በመጨረሻም ለሰው የወጣን ገደብ ለሕያዋን ሁሉ እንደሚበቃ መቁጠር አይገባም። በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሰው ገደብ እጅግ ያነሰ የኤሌክትሮማግኔቲክ ጫጫታ (ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚመነጭ የተዘበራረቀ ሞገድ) የአውሮፓ ሮቢን የተባሉ ስደተኛ ወፎች በምድር መግነጢስ አቅጣጫ እንዳይለዩ አድርጓል፤ ምክንያቱ ሙቀት ስላልሆነም በሙቀት ላይ የተመሠረተ ገደብ ይህን ውጤት ሊይዘው አይችልም።