ሬጅስትሪ ማጽጃ ካስኬድኩ በኋላ አልከፈት ያሉትን ፕሮግራሞች የመለስኩበት መንገድ

ጅማ ባለው የጽሕፈት ቤታችን፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበትን ኮምፒውተር ለማፍጠን የሬጅስትሪ (ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ቅንብሮቻቸውን የሚመዘግቡበት ቋት) ማጽጃ ካስኬድኩ በኋላ፣ ኤክሴልና የስካነሩ ፕሮግራም «ክላስ ኖት ሬጂስተርድ» (ክፍሉ አልተመዘገበም) እያሉ አልከፈት አሉ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ደንበኞችን መለስን።

በመጀመሪያ «ኤስኤፍሲ ስካንናው» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ምንም ጉድለት አላገኘም፤ ይህ መሣሪያ የሚጠግነው የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች እንጂ ከሬጅስትሪ የተሰረዙ የሌሎች ፕሮግራሞች መዝገቦችን አይደለምና። ቀጥሎ ብዙዎች የሚመክሩትን፣ የሬጅስትሪ መጠባበቂያ ቅጂ ይቀመጥበት የነበረውን «ሬግባክ» ፎልደር ብከፍት የፋይሎቹ መጠን ሁሉ 0 ኪሎባይት ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1803 ወዲህ ሲስተሙ፣ ካልታዘዘ በቀር፣ እዚያ ቅጂ አያስቀምጥም። ኦፊስን እንደገና ልጫን ብልም የቀድሞው አልራገፍ አለ።

መፍትሔ የሆነው ሲስተም ሪስቶር፣ ማለትም ዊንዶውስን ቀድሞ ወደተመዘገበ ነጥብ የሚመልሰው መሣሪያ ነው። በመሐል መብራት ቢጠፋ ጉዳቱ ስለሚብስ ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ሰክቼ፣ በመፈለጊያው «ሪከቨሪ» ብዬ «ኦፕን ሲስተም ሪስቶር» የሚለውን ከፈትኩና ከማጽጃው በፊት የተመዘገበውን ነጥብ መረጥኩ። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ሲከፈት ኤክሴል ያለ አንዳች መልእክት ተከፈተ፣ ስካነሩም ሠራ። የተየብናቸው ሰነዶች አልተነኩም፤ ከዚያ ነጥብ በኋላ የተጫነውን የፕሪንተር ድራይቨር ግን እንደገና መጫን ነበረብኝ።