ለአዲስ አበባ መንገድ የሚሆን ተጣጣፊ ብስክሌት እንዴት ይመረጣል?

ተጣጣፊ ብስክሌት ለመግዛት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን፣ ቀጥሎም በስንት ሰከንድ እንደሚታጠፍ ነው። በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ግን ከሁለቱም መቅደም ያለበት ጥያቄ ብስክሌቱ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ባለው ጉዞ የት የት እንደሚነዳ፣ የት የት በእጅ እንደሚያዝና ቀኑን ሙሉ የት እንደሚቀመጥ ነው። ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ተነሥቶ ግማሹን መንገድ በታክሲ፣ ግማሹን በብስክሌት የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው ብስክሌት፣ በኮሪደር ልማት በተሠራ የብስክሌት መንገድ ላይ ብቻ ከሚነዳው ሰው ብስክሌት የተለየ ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት የዘወትር መንገድዎን አንድ ጊዜ ልብ ብለው ይሂዱበትና ደረጃውን፣ ዳገቱን፣ ኮብልስቶኑንና የመሳፈሪያ ቦታውን በወረቀት ይመዝግቡ።

የአልሙኒየም አካል ያላቸው ባለ 20 ኢንች ጎማ ተጣጣፊዎች አብዛኞቹ ከ11 እስከ 13 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ የብረት አካል ያላቸው ርካሾቹ ደግሞ 15 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ግን በየማታው በትከሻው ያውቀዋል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ቤት ባለው ጀሪካን 12 ሊትር ውኃ ቀድተው በአንድ እጅ ይዘው የራስዎን ደረጃ ከታች እስከ ላይ ይውጡ፤ ከዚያም 15 ሊትር አድርገው ይድገሙት። ሳያርፉ የወጡበት ክብደት ለእርስዎ የሚሆነው ነው። ሱቅ ሲደርሱ ደግሞ የታጠፈውን ብስክሌት ይዘው ሃያ እርምጃ ያህል ይራመዱ፤ ፔዳሉ ጭንዎን የሚመታ፣ ካቴናው ሱሪ የሚያቆሽሽ ወይም የተጣጠፈው ክፍል በራሱ የሚዘረጋ ከሆነ፣ ክብደቱ ቢቀልም ለመያዝ አይመችም።

የታጠፈው መጠንም እንደዚሁ በተግባር መለካት አለበት። በለንደን የሚሠራው ባለ 16 ኢንች ጎማ ብሮምፕተን ሲታጠፍ 65 በ59 በ27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ እንደ ዳሆን ያሉት ባለ 20 ኢንች ብስክሌቶች ግን በአብዛኛው 80 በ65 በ40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ሁለቱንም መጠኖች በካርቶን ሠርተው ከቢሮ ጠረጴዛዎ ሥርና ከቤትዎ በር ጀርባ ያስቀምጧቸው። ትልቁ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ ስለሚይዝ ረዳቱ የዕቃ ሒሳብ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ በሥራ መግቢያ ሰዓት ደግሞ ጭራሹኑ ላያስገባዎት ይችላል። ቀላል ባቡሩም ጠዋትና ማታ ሰው ከሰው ተጣብቆ የሚቆምበት ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ትልቅ ብስክሌት ይዞ ለመሳፈር ማሰብ ለራስም ለሌላውም ችግር ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደው ከሸራ ከረጢት እንዲያሰፉለት እመክራለሁ፤ በከረጢት የተሸፈነ ብስክሌት ለረዳቱም ሆነ በየሕንፃው በር ላይ ለሚቆሙት ጥበቃዎች እንደ ማንኛውም ዕቃ ነው፣ ጭቃውም ማንንም አይነካም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ብሎ ከጠየቀዎትም ልኬቱን አስቀድመው ይንገሩት፤ ብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ስለሚወስኑ፣ ትንሹ ሲያልፍ ትልቁ ተጨማሪ ክፍያ ሊያስከትል ይችላል።

ስለ ጎማ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ገዢዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። «ባለ 20 ኢንች» ተብለው የሚሸጡት ጎማዎች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ 406 የሚባለውና 451 የሚባለው ይለያያሉ። «ባለ 16 ኢንች» የሚባሉትም እንዲሁ 305ና 349 ተብለው ይከፈላሉ፤ አንዱም በሌላው ቸርኬ ላይ አይገጥምም። ቁጥሩ በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለምሳሌ 47-406 ቢል፣ 47 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ሲሆን 406 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ሳያነቡ ገንዘብ አይክፈሉ። እኔ የመጀመሪያ ተጣጣፊዬን ስገዛ አላነበብሁትም ነበር። ጎማዋ እንደ ብሮምፕተን 349 ስለ ነበር፣ የኋላው በተቀደደ ጊዜ ከጎሚስታ ጎሚስታ፣ ከሱቅ ሱቅ ዞሬ ያገኘሁት የልጆች ብስክሌት 305 ብቻ ሆነ፤ ከውጭ ጎማ እስኪመጣልኝ ድረስ ከሁለት ወር በላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። የልጆች ባለ 20 ኢንች ብስክሌትና ቢኤምኤክስ በአብዛኛው የሚጠቀሙት 406ን ስለሆነ፣ ጎማውም የውስጥ ጎማውም ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። እኔ ለዚህ ከተማ የምመርጠው ይህንኑ ነው። በመጠኑ ትንሽነት ምክንያት 349ን የመረጠ ሰው ግን ቢያንስ ሁለት መለዋወጫ ጎማና የውስጥ ጎማ ከብስክሌቱ ጋር በአንድ ቀን ይግዛ።

የጎማው ወርድም ከዚህ አይነጠልም። ትንሽ ጎማ ትልቁ የሚሻገረው ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ፣ ቀጭን ጎማ ለውስጥ ለውስጥ ሰፈሮች ኮብልስቶን አይሆንም። ወርዱ ከ44 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ንዝረቱን ይቀንሳል፣ የእጅ አንጓንም ያሳርፋል። የጎርፍ መውረጃ ፍርግርጎችን በተመለከተ፣ ክፍተታቸው ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር የሚሄድ ከሆነ ሰፊውም ጎማ ሊገባባቸው ስለሚችል፣ በላያቸው ከመንዳት ወርዶ መግፋት ይሻላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሜዳ ላይ የማይሰማ ድካም ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ወይም ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ስለዚህ ጭምር ነው። ማርሽ የሌለው ተጣጣፊ ለባሕር ዳር ወይም ለሐዋሳ ሜዳ ይበቃል፤ ለእነዚህ ዳገቶች ግን አይበቃም። ሻጩ «ሰባት ማርሽ አለው» ቢልዎት ብዛቱ ብቻውን ምንም አይነግርም። ከፔዳሉ ጋር ያለውን ጥርስ ቆጥረው በኋለኛው ትልቁ ክብ ጥርስ ቁጥር ያካፍሉና በጎማው ዙሪያ ርዝመት ያባዙት፤ የሚያገኙት ቁጥር በቀላሉ ማርሽ አንድ ዙር ሲረግጡ ስንት ሜትር እንደሚጓዙ ያሳያል። የ406 ጎማ ዙሪያ 1.55 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከፊት 52 ከኋላ 28 ጥርስ ያለው ብስክሌት 2.9 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህም ለቸርችል ከባድ ነው። ከፊት 46 ከኋላ 32 ቢሆን ግን 2.2 ሜትር ያህል ስለሚሆን ተቀምጠው ሊወጡት ይችላሉ። መንገድዎ ዳገት ካለበት ከ2.5 ሜትር በታች የሆነውን ይፈልጉ። በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የተደበቀው ሦስት ማርሽ ከዝናብና ከጭቃ የተጠበቀ በመሆኑ ለክረምት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከባዱ ማርሽ ከቀላሉ እጥፍ እንኳ ስለማይሞላ ለዳገት ተስተካክሎ ካልተሠራ አያዛልቅም።

ሕይወትዎ የሚንጠለጠለው ማጠፊያው ላይ ነው፤ ስለዚህ እርሱን ለመፈተሽ አይፈሩ፣ ሻጩም ቢቸኩል አይቸኩሉ። ብስክሌቱን ዘርግተው መቀርቀሪያዎቹን ይዝጉ፤ የፊት ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት። በአካሉ መካከለኛ ማጠፊያ ወይም በመሪው ዘንግ ሥር መንቀጥቀጥ ወይም «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ፣ የመቀርቀሪያው ብሎን ሲስተካከል ይጠፋ እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ ካልጠፋ ይተዉት። ድንገት እንዳይከፈት የሚከለክል ሁለተኛ መያዣ የሌለውን ማጠፊያ አልመክርም። ኮርቻው ለቁመትዎ ከፍ ሲል ዘንጉ ላይ የተሠመረው የመጨረሻ ምልክት መውጣት የለበትም። አምራቹ የወሰነውን ከፍተኛ ክብደትም ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎ ግራም ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ የእርስዎንና የቦርሳዎን ክብደት አንድ ላይ ይቆጥራል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ በማጠፊያውና በብየዳው ዙሪያ ቀለሙ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙት።

ፍሬንን በተመለከተ፣ ቸርኬውን ከሁለት ወገን የሚይዘው ዓይነት በቀላሉ ይጠገናል፤ በዝናብ ጊዜ ግን ለመያዝ ስለሚዘገይ ከእንጦጦ በኩል ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ዲስክ ይመረጣል። ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ከሰኔ እስከ መስከረም የቢሮ ልብስ ለብሰው የሚነዱት አይደለም። የኤሌክትሪክ ተጣጣፊ ዳገቱን ያቀልላል፤ ብዙዎቹ ግን ከ17 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ የጀሪካኑን ፈተና ማለፍ ላልቻሉ ሰዎች አይሆኑም።

ከተገዛ በኋላ በኮብልስቶን ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሲነዱት ብሎኖቹ ይላላሉ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የማጠፊያዎቹን፣ የመሪውንና የፔዳሎቹን ብሎኖች በተገቢው ቁልፍ ያጥብቁ፤ የግራው ፔዳል ከቀኙ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚጠብቅም አይርሱ።