«ሔሬም» የሚል ቃል ሲያጋጥማችሁ እንዴት ታነቡታላችሁ?

ስለ አይሁድ ስታነቡ «እገሌ ተወገዘ» የሚል ቦታ ላይ ከደረሳችሁ ቶሎ አትለፉት። እኛ ውግዘት ሲባል ወዲያው መናፍቅ ነው ትዝ የሚለን። የእነሱ ግን ብዙ ጊዜ የጎረቤትና የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን ያዙ። የዕብራይስጡ «ሔሬም» (ውግዘት) እና የእኛ «እርም» የቃል ሥር መሠረታቸው አንድ ነው። ኢያሱ 7ን አውጡና አንብቡ፤ አካን ከኢያሪኮ የደበቀው ልብስ፣ ብርና ወርቅ እርም ነው የተባለው። እዚያ እርሙ ዕቃው ነው። ዕዝራ 10 ላይ ግን በ3 ቀን ውስጥ ኢየሩሳሌም ያልመጣ ሰው ንብረቱን ያጣል፣ ራሱም ከጉባኤው ይለያል።

ቀጥሎ ደረጃውን ጠይቁ። ቀላሉ «ነዚፋ» ነው፣ ተግሣጽ በሉት። ከዚያ «ኒዱይ» ይመጣል፣ በተለምዶ 30 ቀን። ሰውየው እንደ ሐዘንተኛ ይሆናል፤ ፀጉሩን አይቆረጥም፣ ልብሱን አያጥብም፣ ከሚስቱና ከልጆቹ በቀር በአራት ክንድ ውስጥ ማንም አብሮት አይቀመጥም፣ ለጋራ ጸሎት 10 ሰው ሲቆጠርም እሱን ይዘሉታል። በ30 ቀን ካልተመለሰ ሌላ 30 ይጨመራል። አሁንም እንቢ ካለ ነው ሔሬም የሚሆነው። ያኔም ቢሆን ትምህርቱን እንዳይረሳ ለብቻው ያጠናል፣ ለዕለት ጉርሱም ትንሽ ሱቅ ይፈቀድለታል። ይህቺን ሱቅ እወዳታለሁ፣ ሰውየው በረሃብ እንዲያልቅ አልፈለጉም።

ምክንያቱንም እዩ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የአይሁድ ሕግ ሊቁ ራምባም (ማይሞኒደስ) ሰው የሚያስለዩ 24 ጥፋቶችን ዘርዝሯል። ፍርድ ቤት ተጠርቶ መቅረት አንዱ ነው። ተናካሽ ውሻ ወይም የተበላሸ መሰላል ቤት ውስጥ ማስቀመጥም ሌላው ነው፣ ሰው እንዳይጎዳ ብለው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይኸኛው ነው፦ ሊለይ የማይገባውን ሰው የለየ ራሱ ይለያል።

አሁን ዋናው፣ መመለሻውን ፈልጉ። ከኒዱይም ከሔሬምም ሦስት ሰዎች ሊፈቱት ይችላሉ፣ ሰውየው ከተመለሰ በዚያው ቀንም ቢሆን። መመለሻ የሌለው ሔሬም ካገኛችሁ እዚያ ጋ ቆም በሉ። ፈላስፋው ስፒኖዛ እ.ኤ.አ. በ1656 አምስተርዳም ውስጥ ሲወገዝ ገና 23 ዓመቱ ነበር፤ ማንም እንዳያነጋግረው፣ የጻፈውንም እንዳያነብ ታዘዘ። እስኪሞት ድረስ አልተፈታም።

የረቢ ኤሊዔዘር ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የአይሁድ የሕግና የትውፊት መጽሐፍ ታልሙድ እንደሚለው በአንድ የምድጃ ንጽሕና ክርክር ብቻውን ከብዙኃኑ ተለየ፣ እጅም አልሰጥም አለ። አወገዙት። ማን ይንገረው? ተማሪው ረቢ አቂባ «እኔ ልሂድ» አለ፣ ክፉ አነጋገር ያለው ሰው ቀድሞ እንዳይነግረው ፈርቶ። ጥቁር ለብሶ ሄደና አራት ክንድ ርቆ ተቀመጠ። «አቂባ፣ ዛሬ ምን ሆነሃል?» ሲለው «መምህሬ፣ ባልንጀሮችህ የራቁህ ይመስለኛል» አለው። ተወግዘሃል የሚለውን ቃል ከአፉ አላወጣም። ሽማግሌው ልብሱን ቀደደ፣ ጫማውን አወለቀ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

በኋላ ሊሞት ሲል ሊቃውንቱ መጡ፣ አሁንም አራት ክንድ ርቀው ተቀመጡ። የሕግ ጥያቄ ጠየቁት፣ እየመለሰላቸው ነፍሱ ወጣች። ያኔ ከሊቃውንቱ አንዱ ረቢ ኢያሱ ተነሥቶ ቆመና «ግዝቱ ተፈታ፣ ግዝቱ ተፈታ» አለ።